ሦስተኛው ልመና

እህቴ ሦስት ምስክሮቿን አስከትላ ስትገባ የአንድ የማላውቀው ደንበኛ ሸሚዝ ኮሌታ እየተኮስኩ ነው። ካውያውን አላነሳም። ጫማ ሰፊው በሩን ይዘጋል፤ ጡረተኛው ሹፌር በላውንድሪው ውስጥ ባለችው አንዲት ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ፋርማሲስቷ ደግሞ የተሰቀሉትን ኮቶች ገፋ አድርጋ ለራሷ መቆሚያ ታበጃለች። ሦስቱም ከምኩራባችን ናቸው።

«እንደምን ዋልሽ፣ እትዬ» ትላለች እህቴ።

«እንደምታይኝ።»

ምስክር ያስፈለገበት ምክንያት ይህ ነው። ከስርየት ቀን በፊት የበደልከውን ሰው ራስህ ሄደህ ይቅርታ መለመን አለብህ፤ ሰው ሳይምርህ ፈጣሪ አይምርህም። ሰውየው ልቡ ከደነደነ ሦስት ሰው ይዘህ ትለምነዋለህ። ይህን ሦስት ጊዜ አድርገህ እምቢ ከተባልክ አንተ ነጻ ነህ፤ ኃጢአቱ ወደ እምቢ ባዩ ይዞራል። ሕጉን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ እንዲህ የሚያበሳጭ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።

በምስክሮቹ ፊት ሁለቴ እምቢ ብያታለሁ። ደስ ብሎኝ ነው ያልኩት፣ ለምን እዋሻለሁ። ዓመት ሙሉ እኔን ብሎ ቤታችን ሲመላለስ የነበረው ሰው እሷን ሲያገባ ማንም አላስፈቀደኝም። በእጄ የቀረችኝ ይህቺ እምቢታ ብቻ ናት።

ቀና ብዬ አያታለሁ። ከምኩራባችን መምህር ከረቢው ሚስት ዘንድ መማር ከጀመረች ወዲህ ፊቷ ረግቷል። ዕድሜ ልኳን ስትበላው የኖረችው ጥፍሯ እንኳ አድጓል! እኔም እዚያው ምኩራብ እቀመጣለሁ፣ ያንኑ ጸሎት እደግማለሁ፤ እሷን ያሳረፋት ትምህርት በኔ በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ባሉ አንሷት ሰላሙንም ደረበችበት።

«በድዬሻለሁ፣ እትዬ» ትላለች፣ ድምጿ ሳይንቀጠቀጥ። «ከጀርባሽ ከሱ ጋር እየተነጋገርኩ ፊትሽ ላይ ስስቅ ከርሜያለሁ። ይቅር በይኝ።»

ሰበብ የለ፣ «ግን» የለ። አነጋገሯም ያስቀናኛል። ካውያው እንፋሎቱን ይተፋል።

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላል ጫማ ሰፊው ለጣሪያው።

«አንተ ምስክር ነህ ወይስ ሰባኪ?»

«ምስክርም አፍ አለው፣ እመቤቴ። ሱቄን ዘግቼ ስመላለስ እኮ ሦስተኛዬ ነው።»

ፊቴን ወደ እህቴ እመልሳለሁ። «እምቢ ብልሽስ?»

«ሕጉ ነጻ ነሽ ይለኛል።»

«አየሽ! ሰውየውን ወሰድሽ፤ አሁን ደግሞ ኃጢአቱን ለኔ ጥለሽ ልትሄጂ ነው። እንዳንቺ ያለ ዕድለኛ የት አለ?» ድምፄ ከፍ ብሎ ለራሴም ያስጠላኛል።

መቆጣት ነበረባት፤ አትቆጣም። ከጠረጴዛው የወረደውን የሸሚዝ እጅጌ እንዳይጨማደድብኝ አንስታ ታስተካክለዋለች።

«ሁለተኛው ልመናዬ ካለፈ ስንት ጊዜው ነው?» ትለኛለች።

«እኔ ምን አውቄ!» አሳምሬ አውቃለሁ።

«የረቢው ሚስት የስርየት ቀኑ ቀረበ፣ ምን ትጠብቂያለሽ እያለች ስትጨቀጭቀኝ ከረመች። እግሬ እምቢ አለኝ። ይህን ከጨረስኩ እዚህ የምመጣበት ምክንያት የለኝም፣ እትዬ። ሌላ ጊዜ በሩን አትከፍቺልኝም።» አሁን ድምጿ ይንቀጠቀጣል።

ኮሌታው ማረር ሲጀምር ይሸተኛል። ካውያውን አንስቼ አቆመዋለሁ።

የሰውየውን መልክ ላስታውስ እሞክራለሁ። ጢሙ ይመጣልኛል፤ ሌላው አይመጣም። እሷ ግን ሁለመናዋ ይመጣብኛል፤ በአንድ አልጋ ስንተኛ ቀዝቃዛ እግሯን ሆዴ ላይ ስትጭን፣ በእንቅልፏ ስትስቅ፣ ጠዋት ከማንም በፊት ሕልሟን ለኔ ስትነግረኝ። አሁን ይህን ሁሉ የሚሰማው እሱ ነው። እስከ ዛሬ በሷ የቀናሁ መስሎኝ ነበር። የቀናሁት በሱ ነው።

ምስክሮቹ መልሴን ይጠብቃሉ።

«አልሰማሁሽም» እላታለሁ።

«ምን?»

«ካውያው ጮኸብኝ። ምን እንዳልሽ አልሰማሁም። የዛሬው አይቆጠርም፤ ሳምንት እንደገና ነይ። እነሱንም ይዘሽ።»

«የእግዜር ያለህ!» ይላል ጫማ ሰፊው።

«ልጄ፣ እኔ ግን ደህና አድርጌ ሰምቻታለሁ» ብሎ ይጀምራል ሹፌሩ። ፋርማሲስቷ በክርኗ ትጎስመዋለች። ከዚያ ሁለቱን ወንዶች እየነዳች ታስወጣቸዋለች።

እህቴ ግን አትወጣም። ታጥቦ ከደረቀው ክምር አንድ አንሶላ ትመዝና አንዱን ጫፍ ትሰጠኛለች። ወደ ኋላ ሄደን እንወጥረዋለን፤ አጥፈን ወደ ፊት እንመጣለን። ጫፉ ከጫፉ ሲገጥም ጣቶቿ ጣቶቼ ላይ ይቆያሉ።

«ይቅር ብዬሻለሁ፤ ሳምንት ግን ነይ» እላታለሁ በሹክሹክታ፣ በር ላይ የቆሙት እንዳይሰሙ።