የኮሚቴው ሙክት

አዳራሹ በድንገት ለምን ጸጥ አለ? ከኖርዌይ ተምሮ የተመለሰው አባት ሊገባው አልቻለም። የወላጆች ኮሚቴ ለልጁ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ጣሪያ ማሠሪያ አንድ ሙክት ለጨረታ አቅርቧል። ከእሱ በፊት ያሸነፉት ሦስት ወላጆች ከፍለው ሲያበቁ፣ «ለትምህርት ቤቱ መልሼዋለሁ!» እያሉ ተጨብጭቦላቸዋል፤ በጉም እንደገና ለጨረታ ቀርቧል። እሱ ግን ከፈለና ገመዱን ያዘ።

«ዶክተር፣ የምርዎን ነው?» አሉ ሰብሳቢዋ ወይዘሮ የውብዳር።

«ገዛሁት አይደል እንዴ?»

በጉን እየጎተተ ወጣ።

በማግስቱ ጥብሱን እየጎረሰ ሳለ ከሰብሳቢዋ መልእክት ደረሰው። «ዶክተር፣ አራቱን መማሪያ ክፍሎች ያሠራልን ይኸው በግ ነው። ቅዳሜ ለጣሪያው ሁለተኛ ዙር ጨረታ አለብንና አደራ፣ በጊዜ ያምጡልን።»

የጎረሰውን ሳይውጥ ስልኩን ደፍቶ አስቀመጠው።