ከአንድ ጃንጥላ ሥር

ፎቶ አንሺው አዲሱን ረጅም ዙም ሌንስ ያገኘው በውሰት ነው፤ ያዋሰው ሌንስ ሻጭ ወዳጁ። ሻጩን ሰው ሁሉ «ቢጫው» ይለዋል፤ ክረምት ከበጋ ከቢጫ ሸራ ጫማ ሌላ እግሩ ላይ ታይቶ አያውቅም።

«ከካሜራህ ጋር አብሮ ከመጣው ኪት ሌንስ ጋር አወዳድረው» አለው ቢጫው። «ቦታ ሳትቀይር አንዱን ነገር በሁለቱም አንሳ። መሀሉን የትኛውም ሌንስ ያሳምረዋል። ሌንስ የሚታወቀው በጥጉ ነው።»

«መቼ ልመልስልህ?»

«ምን አስቸኮለህ? ሐሙስ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ሂድ፣ ወፎቹን እስኪመሽ ታነሳለህ። እኔም የለሁም፣ እናቴን ልጠይቅ ከከተማ እወጣለሁ።»

ቢጫው ለጋስ ሰው ነው። ባለፈው ሐሙስ ትራይፖድ፣ ከዚያ በፊት በነበረው ደግሞ ፍላሽ አውሶታል።

ሐሙስ ከሰዓት ፎቶ አንሺው ሐይቁ ጋ ሳይደርስ ካፊያ ጀመረ። የውሰት ሌንስ ዝናብ ሊመታው አይገባም ብሎ ተመለሰ። ባዶ እጁን ላለመግባት ግን ፎቶ ከሚያሳትምበት ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ወጥቶ ከደረጃው መስኮት ፊት ቆመ። ከዚያ ሆነው ሲያዩ የታችኛው መንገድ ከእግር እስከ ራሱ ይታያል፤ በግራ የሱቆች የጓሮ በሮች ተደርድረዋል፣ በቀኝ ሰው ታክሲ ይጠብቃል።

መጀመሪያ በኪቱ አንድ አነሳ። ቶሎ ብሎ ሌንስ ቀየረና መንገዱን ወደ ራሱ ሳበው። አንዲት ሴት ከወገቧ በላይ ፍሬሙን ሞላችው።

ሚስቱ ናት።

ትከሻዋ ላይ የተለጠፈ ረጅም ሰው ጥቁር ጃንጥላ ይዟል፤ እሷም ከሥሩ ቆማለች። ፎቶ አንሺው የገዛላት ቀይ ጃንጥላ እጇ ላይ የለም። በጣቶቿ ጸጉሯን ታስተካክላለች። ጣቱ በልማድ ቁልፉን ተጫነ። ካሜራውን ከዓይኑ ሲያወርድ ፍሬሙ ጠፋበት፤ ዳግም ሲያገኘው አንድ ሚኒባስ ሁሉንም ጋርዷል።

አመሻሽ ላይ፣ እህቴ ጋ ልሂድ ብላ የወጣችው ሚስቱ ቀይ ጃንጥላዋን እያራገፈች ገባች።

«እህትሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ሰላም ብላሃለች።»

ከአፍ የወጣ ከአፋፍ የወደቀ ነውና ያየውን ደብቆ ካሜራውን ይዞ ጓዳ ገባ። በዚያን ቀን እራቱ ቀረ፤ በማግስቱ ምሳው። ፎቶውን እያጎላ እያጎላ የሚስቱ ፊት ወደ አራት ማዕዘን ነጠብጣብ እስኪለወጥ አፈጠጠበት። አሥራ ሁለት ዓመት አብረው ኖረዋል። ያለ እሷ አንድ ሳምንት እንኳ እንዴት እንደሚኖር አያውቅም። ሻንጣ አውጥቶ ሁለት ሸሚዝ ከተተ፣ ሦስተኛውን ይዞ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። አርብ ከሰዓት ያው አምስተኛ ፎቅ ወጥቶ ቁልቁል አየ። ካሜራ አልያዘም። የጽዳት ሠራተኛዋ «ምን ጠፋብህ ወንድሜ?» ባትለው ምን ያደርግ እንደነበር እሱም እርግጠኛ አይደለም።

ቅዳሜ ጠዋት ሌንሱን ሊመልስ ሄደ።

«ደበዘዘብህ?» አለ ቢጫው።

«ጠራብኝ።» ካሜራውን አዞረለት። «ሚስቴ ናት። የታችኛው መንገድ ላይ። ሐሙስ።»

የቢጫው ፊት አመድ መሰለ። ከዚያ ካሜራውን ተቀብሎ ባለጥቁር ጃንጥላውን ሰውዬ አየውና በረጅሙ ተነፈሰ።

«ይህ ነው እንዴ ጉድህ?»

«ከዚህ በላይ ምን ይሁን?»

«አንተ ሰውዬ፣ ረጅም ሌንስ ሩቁን ከቅርቡ እንደሚያጣብቅ ያስተማርከኝ አንተ አይደለህም? በኪቱ ያነሳኸውስ የታለ?»

ፎቶ አንሺው ረስቶት ነበር። በኪቱ ፎቶ ሚስቱ የሩዝ ፍሬ ታክላለች፤ ቢጫው አጎላት። እሷ ከመንገዱ ወዲህ ናት፤ ሰውዬው ከወዲያ፣ ታክሲ ከሚጠብቁት መሀል። በሁለቱ መካከል መንገዱ ሙሉውን፣ ኩሬውም ሳይቀር ተዘርግቷል። ሰውዬው ዞር ብሎ እንኳ አላያትም።

«የእህቷ ቤት በዚያ በኩል አይደል?» አለ ቢጫው። «መንገድ ልትሻገር ነው የቆመችው።»

ፎቶ አንሺው ባንኮኒው ላይ ግንባሩን ደፋ። ቢጫው ጀርባውን መታ መታ አደረገው።

«አሁን ሁለቱንም አጥፋቸው። የኪቱንም። እንዲህ ያለ ነገር ቤት ውስጥ አይቀመጥም።»

«አጠፋቸዋለሁ» አለ። የረጅሙን ሌንስ ፎቶ እዚያው አጠፋ። የኪቱን ግን አልጨከነበትም፤ ትዳሩን የመለሰለት እሱ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ሲባል ለካ እውነት ነው እያለ፣ አምስተኛ ፎቅ ወጥቶ በትልቁ አሳተመው።

ቤት ገብቶ ሻንጣውን አራገፈ። ፎቶውን ከሶፋው በላይ ሰቀለ። ሚስቱ ከማድ ቤት ብቅ አለች።

«ይህ ምንድን ነው?»

«አንቺ ነሽ። መሀሉ ላይ፣ ያቺ ትንሿ።»

«መቼ አነሳኸኝ?»

«ሐሙስ። ሐይቁ ጋ ሳልሄድ ቀርቼ።»

ሚስቱ በሩን ተደግፋ ቀረች። እሱ በደስታው አላያትም። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸና፣ እንደ ሙያው፣ የኪቱን ጥግ ገና እንዳላየ ትዝ ብሎት ቀረበ።

የግራው ጥግ ትንሽ ይደበዝዛል፤ ቢሆንም በግማሽ ከተከፈተ የጓሮ በር ሥር፣ ቀይ ጃንጥላ ወደ ውጭ የሚያቀብል እጅና ሁለት ቢጫ ጫማዎች በደንብ ይለያሉ።