አምስተኛው ማርሽ

ነገሩ የጀመረው በናፍጣ ነው። የጭነት መኪናዋ የባልና ሚስቱ ናት፤ የሚነዳት እሱ ቢሆንም፣ ሚስቱ በስፌት ያጠራቀመችው ገንዘብ ባይኖር ኖሮ እስከ ዛሬም የሰው መኪና ሲነዳ በኖረ ነበር። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ፤ እሷ ትንሽ በዛ አድርጋ ታውቀዋለች።

አሁን አሁን መኪናዋ ናፍጣ አልጠግብ አለች። ባል ጋራዥ አስገብቷት ሊተኛ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ ምን እንደተገኘ ልትጠይቅ የሄደችው ሚስት ናት።

መካኒኩ የአባቷ ጓደኛ ነው። ሞተሩ ምንም አልሆነም፣ ያለ ልኩ እየዞረ ነው እንጂ አላት። አውራ ጎዳና ላይ በእኩል ፍጥነት እየሄደም ቢሆን የሞተሩ ዙር የሚጨምርበት ምክንያት አያጣም። ጎማው በትንሽ ጎማ ተቀይሮ ከሆነ ይጨምራል። ፍሪሲዮኑ ካለቀና ከተንሸራተተም ይጨምራል። ዳገትና ከባድ ጭነትም ዝቅ ባለ ማርሽ ያስኬዳሉ። እዚህ ግን ጎማው ያው ነው፣ ፍሪሲዮኑ አላለቀም፣ መንገዱ ሜዳ ነው፣ ጭነቱም የስፖንጅ ፍራሽ ነው።

"ታዲያ ምን ቀረ፣ ጋሼ?"

"ሹፌሩ ቀረ።" መካኒኩ እጁን እየጠረገ ሳቀ። "በአራተኛ ነው መንገዱን የሚጨርሰው። አምስተኛ ቢያስገባ ሞተሩ እፎይ ይል ነበር። እሱ ግን ይሄን ትቶ፣ የሞተውን ዙር ቆጣሪ ካልሠራህልኝ ብሎ ይጨቀጭቀኛል። ዕቃው ደግሞ የለም።"

ዙር ቆጣሪው መኪናዋ ስትገዛም መርፌው ዜሮ ላይ ደርቆ ነበር። ያኔ ባሏ፣ ሞተሩ ራሱ እየነገረኝ መርፌ ምን ይሠራልኛል ብሎ ነበር። ሚስት ይህን አላስታወሰችም። ልቧ ውስጥ የቀረው መካኒኩ ቀጥሎ የተናገረው ነው።

"አምስተኛው ማርሽ ወደ መሃል ወንበር ነው የሚገፋው። መሃል ላይ ሰው ከተቀመጠ ጉልበት እየነካ ያስቸግራል። ሰው ይጭናል እንዴ ልጄ?"

ባሏ ሰው አይጭንም። ብቻዬን ነው የምሄደው ብሎ ስንቴ ነግሯታል። የቀሚስ ቁመት ስትለካ የምትውል ሴት ስለ ጉልበት ብዙ ታውቃለች፤ እቤቷ እስክትደርስ ድረስ ያን ጉልበት በዓይነ ህሊናዋ አየችው። ክብ ነው፣ ወዛም ነው፣ የማርሹን ዘንግ ተጠግቶ ተቀምጧል።

ከዚያ በኋላ ነገር ሁሉ ይገጣጠምላት ጀመር። ድሮ ከመንገድ ማታ ማታ ይደውልላት የነበረ ሰው፣ አሁን ብትደውልለትም አያነሳም። ቆየት ብሎ "መንገድ ላይ ነኝ፣ ጻፊልኝ" የሚል መልእክት ይልካል። አጠገቡ እንዳትሰማው የሚፈልጋት ሰው አለች ማለት ነው። ለዘፈን የሚሞት ሰው የመኪናውን ሬዲዮ ነቅሎ ለጓደኛው ሰጠ። የሚያጫውተው ካገኘ ሬዲዮ ምን ያደርግለታል? ወጥ ቤት ሆና ስታናግረው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል፤ ፊቱ ስትቆም ግን ቀና ብሎ ጥፋት እንዳለበት ሰው ፈገግ ይላል። ባለፈው ደግሞ ልትለካ የመጣች ደንበኛ ሰላም ስትለው፣ ዓይኑን ከንፈሯ ላይ ተክሎ ቀረ። ሚስት ያን ቀሚስ ሆን ብላ ከልኩ በላይ አሰፋችው።

ቅናት እንቅልፍ ነሳት። በመጨረሻ ቆረጠች። እሱ በሚያልፍበት ከተማ የምትኖረውን እህቷን ልትጠይቅ አብራው እንደምትሄድ ነገረችው። በሻንጣዋ ውስጥ ልብሷን ሁሉ ከተተች፤ ትልቁ መቀስ ሳይቀር ገባ። ያሰበችው እውነት ከሆነ እህቷ ቤት ትቀራለች እንጂ ከእሱ ጋር አትመለስም።

እሱ ሻንጣውን ሲያነሳ ክብደቱን አየ፤ ወስዶም መኪናዋ ውስጥ አስገባው።

ሚስት መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። መሃሉን ሆን ብላ ባዶ ተወችው። አውራ ጎዳናው ሲዘረጋ ፍጥነቱ ሰማንያ ገባ፣ ሞተሩም መጮህ ጀመረ። ዘንጉ አራተኛው ላይ ነው። የሚከለክለው ጉልበት የለም፤ እጁ ግን ንቅንቅ አላለም። ለምዶታል አለች በልቧ፣ በሌለችበት እንኳ ቦታዋን ይጠብቅላታል።

እንባዋን እንዳያይባት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

"ማናት?" አለች።

ባሏ በጨርቅ የፊት መስታወቱን ጠረገ።

"አንተን እኮ ነው የምጠይቅህ። ማናት?"

እሱ መንገዱን እያየ መንዳቱን ቀጠለ። ቢክዳት ይሻላት ነበር። ዝም ብሎ ማለፉ ግን ጥፋቱን ከማመን በላይ አቃጠላት።

ማደያ ሲደርሱ የሚቀዳላቸው ሠራተኛ ወጣት ሴት ሆና ተገኘች። ፈጠን ፈጠን እያለች ታወራለች። ባሏ ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ከከንፈሯ ሳይነቅል ቆመ። ልጅቷ ስትስቅ እሱም ሳቀ። ከዚያም ጨርቁን ይዞ ከመኪናዋ ፊት ለፊት ወዳለው ቧንቧ ሄደና፣ ለሚስቱ ጀርባውን ሰጥቶ ማጠብ ጀመረ። ከመኪናዋ አፍንጫ አንድ ክንድ ቢርቅ ነው።

ሚስት ሻንጣዋን ጭኗ ላይ አወጣች። በሩን ከፈተች። ግን ሳያያት፣ ሳይደነግጥ፣ እንዲህ በቀላሉ ልትወርድለት አልፈለገችም። ሻንጣውን ወርውራ በመሃሉ ወንበር ተንሸራትታ መሪው ጋ ደረሰች፤ ጥሩምባውን በሁለት እጇ፣ ባላት ኃይል ሁሉ ተጫነችው፤ አለቀቀችውም።

ጣሪያው ላይ የነበሩ ርግቦች በአንዴ ተነሱ። ቀጂዋ ጆሮዋን ይዛ ወደ ኋላ ዘለለች። ከአውቶቡስ የወረዱ መንገደኞች ሁሉ ዞሩ።

ባሏ ግን ጀርባውን እንደሰጠ ጨርቁን ጨመቀ፣ አራገፈው፣ መልሶም ውሃው ስር አደረገው።