የረውዳ ሕልም

ሕልም አንዴ ሸራ ላይ ከዋለ ወደ ባለቤቱ አይመለስም፤ ረውዳ ይህን እያወቀች ነው ሕልሟን ለሠዓሊው የሰጠችው። ዛሬ ሐረር ጁገል ውስጥ፣ አሮጌ ቤት ውስጥ በተከፈተው ዐውደ ርእይ፣ ከልጇ ከኢክራም ጋር ሥዕሉ ፊት ቆማለች። በሥዕሉ ላይ ሟች ባሏ ከጁገል ግንብ በላይ ተንሳፍፎ ማንጎ ይልጣል። ኢክራም ሳትወለድ ነው የሞተው፤ ፎቶ እንኳ አልነበረውም።

«እማዬ፣ ጆሮዬ የሱ ነዋ!»

«ቁርጥ እሱን ነሽ አላልኩሽም?»

ረውዳ ድሮ እሱን በሕልሟ ለማግኘት በጊዜ ትተኛ ነበር። ሕልሟን ከሰጠች ወዲህ ግን የታጠበ ሳህን ደግማ እያጠበች ታመሻለች።

«ዛሬ በጊዜ ልተኛ ነው» አለች ኢክራም። «ምናልባት እኔ ጋ ይመጣ ይሆናል።»

ረውዳ ፈገግ አለች።

«ተኚ ልጄ፤ ሳህኑን ለእኔ ተዪው።»