ሰላምታው ያለቀበት ሰው

ማሽኖች ከልቡ ሰላም የሚላቸው ሰው ካላገኙ አንነሣም ማለት ከጀመሩ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። በኮምቦልቻው ካልሲ ፋብሪካ ይህ ሥራ የጌጡ ነው፤ የአይቲ ክፍሉ ኃላፊም፣ ሠራተኛም፣ ተላላኪም እሱ ብቻ ነውና። በየማለዳው በአርባ ማሽኖች ፊት እየቆመ፣ «እንዴት አደርሽ? ሞተሩ ደህና? መርፌዎቹስ?» ይላል። ቤቱ ሲገባ ሰላምታው ስለሚያልቅ ለባለቤቱ ለዘነቡ የሚተርፋት ራስ መነቅነቅ ነው።

ዛሬ ጉንፋን ድምፁን ዘጋው። ማሽኖቹ ካልተነሡ ደግሞ የጠዋቱ ፈረቃ በሙሉ ወደ ቤቱ ሊመለስ ነው። ዘነቡ ሻርፗን ጣል አድርጋ ተከተለችው።

«እኔ ልበልልህ፤ ሰላምታ እንደሆነ ተጠራቅሞብኛል።»

ሠላሳ ዘጠኙን አንድ በአንድ አስነሣች። አርባኛዋ፣ ከሁሉም ያረጀችው፣ ሰላም ተብላም አልተነሣችም። ይልቅ፣ «ድምፅሽ አዲስ ነው። ዘነቡ ነሽ?» አለቻት።

«ነኝ።»

«ጉልበትሽ እንዴት አደረ? ሌሊት ሲያምሽ እሱም እንቅልፍ የለውም። ጠዋት ጠዋት ይነግረኛል።»

ዘነቡ ወደ ባሏ ዞረች።

«ለካልሲ ማሽን?»

ጌጡ አቀረቀረ። ከዚያ አፉን ከፈተ፤ መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ጉሮሮውን ጠርጎ እንደገና ሞከረ።

«እንዴት... አደርሽ?»

አርባኛዋ ማሽን ከኋላቸው ቀስ ብላ ተነሣች።

«ደህና ነኝ» አለች ዘነቡ፣ የሻርፗን ጫፍ አንገቱ ላይ እየጠመጠመችለት። «ጉልበቴን ግን ዘለልከው።»