ያልተፈታው መቆንጠጫ

ኮፐንሃገን ውስጥ እኛ ሳንባ ስንቀይር ለአየር ቧንቧው ደም ሳናደርስ አንተወውም፤ አለዚያ ስፌቱ ይበሰብሳል። ቀዶ ሐኪሙ ቶርኪል ሳንባውን የለገሰውን ሟች ቀጭን ደም ሥር ከታካሚዋ የደረት ደም ሥር ጋር ሰፍቶ ደሙን አግዶ የያዘውን መቆንጠጫ ሲፈታ፣ እኔ ነርሷ ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ። የገረጣው ቧንቧ ሲቀላ፣ በካሜራ የሚያየው አስገር "በቃ!" ይላል። በስንት ቁጥር እንደሚቀላ ቀድመን እንገምታለን፤ ግምቱ የራቀበት ሰው ዓርብ ኬክ ያመጣል።

የዚያን ቀን የታካሚዋ ልብ ቆሞ፣ ደሟን የሚያዞረው ማሽን ነበር።

"አሥራ ሁለት" አለ ቶርኪል የመጨረሻውን ክር እየቋጠረ።

"ሁሌ እንደቸኮልክ! እኔ ሃያ ብያለሁ" አልኩት።

"በቃ!" አለ አስገር።

"ምኑ ነው በቃ? መች መቁጠር ጀመርኩና?"

"ራግንሂልድ፣ ቀልቷል እኮ! ነይ እዪው።"

ቶርኪል ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ። መቆንጠጫው እንደተቆለፈ ነው።

ስክሪኑ ላይ የቀላው የቧንቧው ግድግዳ እንደ ልብ ይመታል። የታካሚዋን ልብ አየሁት፤ አይንቀሳቀስም።

"ቁጠሪው" አለኝ ቶርኪል ቀስ ብሎ።

"አንድ... ሁለት... ሦስት..."

ግድግዳው በየቁጥሩ አንዴ መታ፣ ከድምፄ ጋር እኩል።

አራትን ዋጥኳት። እሱም መምታቱን ትቶ ጠበቀኝ።