ድመቷ ትቅደም

እትዬ ኡርጌ አዲሷን ግልገል ድመት ከነጠላቸው ስር አውጥተው በከታቢው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጧትና «መጀመሪያ እሷን ክተብ» አሉት። መቱ ገበያ ዳር የተሰለፈው ሰው አንገቱን አሰገገ። ከጠዋት ጀምሮ ክንዱን የሰጠ አልነበረም፤ ሁሉም ጠጅ ሻጯ እትዬ ኡርጌ የሚያደርጉትን ነበር የሚጠብቀው።

«እትዬ፣ ይሄ የፈንጣጣ ክትባት ነው። ድመትን ፈንጣጣ አይይዛትም።»

«እኔ ጠጅ ስቀዳ መጀመሪያ በመዳፌ ቀምሼ ነው የምሰጠው። አንተስ ቀምሰሃል?»

«እኔማ ልጅ ሆኜ ተከትቤያለሁ፤ ይኸው ጠባሳው።»

«የዛሬውን ነው የጠየቅሁህ፣ ልጄ።»

«የጃንሆይ መድኃኒት እኮ ነው!»

«ጃንሆይም ሳይቀመስላቸው አይጠጡም።»

«ዱጋ ነው፣ እውነት ነው!» አለ ሰልፉ።

ከታቢው መረታቱን ሲያውቅ፣ ለይምሰል ያህል የድመቷን ጆሮ በመርፌው ጫፍ ሊነካ ጎንበስ አለ። ድመቷ ቀደመችው። እጁን ቧጨረችውና ደንግጦ ሲሸሽ፣ መድኃኒት ውስጥ የተነከረውን ባለ ሁለት ሹል መርፌ የገዛ አውራ ጣቱ ላይ ሰካው።

እትዬ ኡርጌ ቀረብ ብለው ጣቱ ላይ ብቅ ያለውን ደም መረመሩ። «አሁን ቀመስክ» አሉና እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ሰጡት።

ከታቢው እሳቸውን ከትቦ ሲጨርስ እፎይ አለ። «ተረኛ!» ብሎ ተጣራ።

ቀጥላ የቆመችው ሴት ግን ክንዷን አልገለጠችም። ሁለት እጇን ወደ እትዬ ኡርጌ ዘርግታ፣ «እትዬ፣ ድመቷን አንዴ ያውሱኝ» አለች።